ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ልሻገር ወይስ ባለሁበት ልቆይ? (ቲፎዞዎች ባትመጡ ደስ ይለኛል)

ሐና_ም

ሰላም ለሁላችሁም። ስልክ መቀየሬ የግድ ሆኗል። ስልኬ ራሱ ምንም አልሆነም። ስክሪኑ ደህና ነው፣ አንዴ ቻርጅ ካደረግኩትም ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ግን አፕዴት መምጣት ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ለሥራ የምጠቀምበት አንድ አፕ ስከፍተው «የአንድሮይድሽ ቨርዥን አርጅቷል» ዓይነት ነገር ይለኝና ይዘጋል።

ቤት ያሉት በሙሉ አይፎን ግዢ ይሉኛል። ሥራ ቦታ ያሉት ደግሞ አይፎን ለታይታ ነው፣ ብርሽን አታባክኚ ይላሉ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ግን ከሁለቱም ወገን የሚረባ ነገር የሚነግረኝ የለም። «ስትይዢው ይገባሻል» መልስ ነው እንዴ?

የምሠራበት ነገር ያን ያህል አይከብድም። ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ኢሜይል፣ ብዙ ፒዲኤፍ። ፎቶ በጣም አነሳለሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ጌም አልጫወትም። አንዴ ከገዛሁ በኋላ ቶሎ መቀየር አልፈልግም። ሃርሞኒ ምናምን ሲሉም እሰማለሁ፣ ሦስተኛ አማራጭ ካለ እሱንም ንገሩኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር፣ ምክንያቱን ጨምራችሁ ንገሩኝ።

ባለ_ካቻቢቴ

ሐና፣ እኔ ስልክ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። አይፎንም ይመጣል፣ አንድሮይድም ይመጣል፣ ሁለቱም ሲወድቁ ይሰበራሉ። ስለዚህ የማደላበት ምክንያት የለኝም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። አይፎን ላይ ስልኩንም፣ ሲስተሙንም፣ አሁን አሁን ቺፑንም የሚያወጣው አንድ ኩባንያ ነው፣ አፕል። አንድሮይድ ግን አንድ ስልክ አይደለም። ሲስተሙን ጉግል ያወጣዋል፣ ከዚያ ሳምሰንግ በለው ሻዎሚ በለው ቴክኖ በለው ሁሉም ወስዶ እንደ ፍላጎቱ ይነካካዋል። አንድ ሰው «አንድሮይድ ይንቀረፈፋል» ሲልሽ የትኛው አንድሮይድ ብለሽ ጠይቂው። አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው በጣም ርካሹን አንድሮይድ ከውዱ አይፎን ጋር ነው። እንዲህ ከሆነማ ምን ጨዋታ አለው?

አንቺ የገጠመሽ ችግርም የመጣው ከዚሁ ነው። ጉግል አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ ስልክሽ ላይ በቀጥታ አይደርስም። መጀመሪያ የቺፑ አምራች፣ ኳልኮም ወይም ሚዲያቴክ ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ ቺፕ የሚሆነውን ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከቺፑ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ማዘጋጀት አለበት። ቀጥሎ የስልኩ አምራች የራሱን ነገሮች ጨምሮ ይሞክረዋል። ከሁለት አንዳቸው በዚህ ሞዴል ከእንግዲህ አልደክምም ካሉ ስልክሽ እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ ስክሪኑ ቢያበራም ባትሪው ቢይዝም ማለት ነው። ጉግል ይህን ለማቃለል በ2017 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አንድሮይድ 8 ላይ ፕሮጀክት ትሬብል የሚባል ነገር አምጥቶ የቺፑን ክፍል ከተቀረው ሲስተም ለየው። በ2019 አንድሮይድ 10 ላይ ደግሞ አንዳንድ የሲስተም ክፍሎች አምራቹን ሳይጠብቁ በፕሌይ ስቶር በኩል እንዲታደሱ አደረገ። ጠቅሟል። ግን አልጨረሰውም።

አፕል ጋ ይሄ ሁሉ ቅብብሎሽ የለም። በ2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ ከአይኦኤስ (የአይፎን ሲስተም ነው) 9 ተነስቶ እስከ 15 ደርሷል። የ2018ቱ ኤክስኤስና ኤክስአር እስከ 18 ሄደው በ2025 ነው ወደ ቀጣዩ መሻገር ያልቻሉት። ያን ጊዜ አንድሮይድ ላይ ሁለት ዓመት ያገኘ ዕድለኛ ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። ጉግል ከፒክስል 8 (2023)፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 (2024) ጀምሮ 7 ዓመት አፕዴት እንሰጣለን ብለዋል። ልብ በይ፣ ሳምሰንግ የሚል ጽሑፍ ያለበት ስልክ ሁሉ 7 ዓመት አያገኝም። ርካሾቹ ከዚያ ያነሰ ነው የሚያገኙት። ደግሞ የሚቆጠረው ሞዴሉ ገበያ ላይ ከዋለበት ጊዜ እንጂ አንቺ ከገዛሽበት ቀን አይደለም። ሞዴሉ ከወጣ ሁለት ዓመት የሞላውን «ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም» ብለው ቢሸጡልሽ ሁለቱ ዓመት ተበልቷል።

እኔ ስልክ ልገዛ ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ አፕዴቱ እስከ መቼ ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ይህችን ግን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ፖሙ

ሃሃ፣ ቲፎዞ አትምጡ ስትይ ወደ እኔ መሆኑ ገብቶኛል። መጣሁ ግን።

እኔ አይፎን የምወደው ስለ ስልኬ ማሰብ ስለማልፈልግ ነው። አንድሮይድ የያዝኩ ጊዜ ሴቲንግ ውስጥ ነበር የምኖረው፤ ላውንቸር (የሆም ስክሪኑን መልክ የሚይዘውን አፕ) መቀየር፣ አይከን መቀየር፣ የማልፈልገውን አፕ ማጥፋት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከስልኩ ጋር ስለመጣ አልጠፋም ብሎ ይሞግተኛል። አይፎን ላይ ይሄ ኮተት የለም። ስልክ ስቀይር አሮጌውን ከአዲሱ አጠገብ አስቀምጣለሁ፣ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይገለበጣል፣ የከፈትኳቸው አላርሞች ሳይቀሩ።

ሌላው ፕራይቬሲ ነው። ከአይኦኤስ 14.5 ወዲህ፣ ማለትም ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ፣ አንድ አፕ በሌሎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ የምታደርጊውን መከታተል ካማረው አንቺን መጠየቅ ግዴታው ነው። አትከታተለኝ የሚለውን ትነኪያለሽ፣ አለቀ። ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል? የፌስቡክ እናት ኩባንያ ሜታ በዚህ የተነሳ በ2022 ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ እንደሚቀርበት ራሱ ነው የተናገረው። ጉግል ደግሞ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ ሻጭ የሠራው ሲስተም ከማስታወቂያ ይጠብቀኛል ማለት የዋህነት ነው።

ቶሎ መቀየር አልፈልግም ብለሻል። በቃ፣ አይፎን።

ኮድ_ጫሪው

ፖሙ፣ ስለ ፕራይቬሲ ያልከው እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገርካት። አፕልም ማስታወቂያ ይሸጣል፤ አፕ ስቶር ላይ የሆነ ነገር ስትፈልግ ከላይ የሚመጣልህ ብዙ ጊዜ የተከፈለበት አፕ ነው። የአይፎኑ ብሮውዘር ሳፋሪ ላይ ጉግል ዋናው መፈለጊያ ሆኖ እንዲቀመጥ ደግሞ ጉግል ለአፕል በ2022 ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለው አሜሪካ በነበረው የፍርድ ቤት ክርክር ላይ ወጥቷል። ማስታወቂያ ሻጩን ስትረግም ከማን ጋር እንደሚበላ እይ እንጂ።

ሐና፣ እኔ አፕ ነው የምሠራው፣ ለሁለቱም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለቱ ዓመት ሙሉ ሲኮራረጁ ከርመው አሁን ለተራ አገልግሎት ብዙም አይለያዩም። ኖቲፊኬሽን ከላይ ወደ ታች ስቦ ማየት የአንድሮይድ ነበር፣ አይፎን በ2011 በአይኦኤስ 5 ወሰደው። ዊጄት አንድሮይድ ላይ ከጥንት ጀምሮ አለ፣ አይፎን ሆም ስክሪን ላይ የደረሰው በ2020 ነው። በተራው አንድሮይድ ደግሞ፣ አንድ አፕ ካሜራሽን ወይም ማይክሽን የፈለገ ጊዜ በዚያው ሰዓት እንዲያስፈቅድሽ ማድረጉን ከአይፎን ነው የተማረው፤ እስከ 2015፣ እስከ አንድሮይድ 6 ድረስ፣ አፑን ስትጭኚው ሁሉንም በአንድ ጊዜ እሺ አስብሎሽ ነበር የሚገባው።

ልዩነታቸው የቀረው ማን ያዝዛል የሚለው ላይ ነው። አንድሮይድ ላይ አፕ ከፕሌይ ስቶር ውጭም መጫን ትችያለሽ፣ ኤፒኬ የሚባለውን ፋይል አውርደሽ። ይሄ ነጻነትም ነው፣ ቫይረስ የሚገባበት በርም ነው፤ ሰው በቴሌግራም የላከላቸውን ኤፒኬ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጭኑ ሰዎች አውቃለሁ። አይፎን ላይ ባብዛኛው አገር ያለው በር አንድ ነው፣ አፕ ስቶር። አውሮፓ ኅብረት በሕግ አስገድዶ በማርች 2024 በአይኦኤስ 17.4 ሌሎች ስቶሮችን አስከፍቶታል፣ ግን ያኔ ለዚያው ለኅብረቱ አባል አገሮች ብቻ ነበር። ብሮውዘርም እንደዚያው። ከዚያ ክልል ውጭ ባብዛኛው አይፎንሽ ላይ ክሮም ብትጭኚ ፋየርፎክስ ብትጭኚ ከስር ድረ ገጹን የሚያሳይሽ የአፕል ሞተር ዌብኪት ነው። ስሙ ይለያያል እንጂ ሳፋሪ ነው የያዝሽው።

ከአንድሮይድ ስትመጪ በጣም የሚያናድድሽ ግን ይሄ ሁሉ ላይሆን ይችላል። ወደ ኋላ መመለስ ነው። አንድሮይድ ላይ የትም ሁኚ የት ከግራም ከቀኝም ጠርዝ ስትስቢ ይመለሳል። አይፎን ላይ አንዱ አፕ ከግራ ጠርዝ ይሳባል፣ አንዱ ላይኛው ጥግ ላይ ያለችውን ቀስት ካልነካሽ አይሆንም፣ አንዱን ደግሞ ወደ ታች መጎተት አለብሽ። ትልቅ ስክሪን በአንድ እጅ ይዘሽ ያቺን ጥግ ፈልጊ እስቲ።

አንድሮይድንም ላማ። አንዳንድ አምራቾች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከኋላ የሚሠራውን አፕ ይገድሉታል። መልእክት ዘግይቶ የሚገባልሽ፣ ወይም አፑን ስትከፍቺው አንድ ላይ የሚዘንብልሽ፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሴቲንግ ውስጥ የአፑን ባትሪ «አንሪስትሪክትድ» ማድረግ አለብሽ፣ ለዚያውም ቦታው እንደየብራንዱ ይለያያል። እኛ ገንቢዎቹ የምንሰደበው ግን በዚህ ነው፣ አፓችሁ አይሠራም እየተባልን።

ሦስተኛ አማራጭ ላልሽው፦ ማይክሮሶፍት በ2010 ዊንዶውስ ፎን ብሎ ሞክሮ ነበር፣ ኖኪያን ያህል ኩባንያ ይዞ። ሲስተሙ ቆንጆ ነበር። ተጠቃሚ ስለሌለ ገንቢ አልመጣም፣ አፕ ስለሌለ ደግሞ ተጠቃሚ አልመጣም፣ በዚያው ሞተ። ሁዋዌ በ2019 አሜሪካ ማዕቀብ ስትጥልበት አዳዲስ ስልኮቹ ላይ የጉግል አገልግሎቶችን ማድረግ ስላልቻለ ሃርሞኒ የሚባል የራሱን ሲስተም ይዞ ወጣ። በኦክቶበር 2024 የመጣው ሃርሞኒ ኔክስት የአንድሮይድ አፕ አይቀበልም፤ ሁሉም ለእሱ እንደገና መጻፍ አለበት። ቻይና ውስጥ ገንቢዎች እየጻፉለት ነው። አንቺ ለሥራሽ ከምትፈልጊው አፕ አንጻር ግን አልመክርሽም።

እ፣ ስልክሽ ደህና ነው ካልሽ ደግሞ ሊኒጅኦኤስ የሚባል ነጻ አንድሮይድ አለ። ሞዴልሽን የሚደግፍ ከሆነ አዲስ ቨርዥን ይጭንልሻል፣ አዲስ ስልክ መግዛትም ይቀርልሻል።

ባለ_ካቻቢቴ

ኮድ_ጫሪው፣ ለሷ ይሄን አትምከራት ወንድሜ። ሊኒጅ ለመጫን ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲነሳ ሲስተሙን የሚያስጀምረው ክፍል) መከፈት አለበት፣ ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙ የባንክና የሥራ አፖች ሲስተሙ ተነካክቷል ብለው እምቢ ይላሉ። እሷ ስልክ የምትቀይረው ለሥራ አፑ ስትል ነው እኮ። መጫወቻ ለሚፈልግ ሰው ግን አሪፍ ነው፣ አልክድም።

ኮድ_ጫሪው

እሱስ ልክ ነህ። ለሁለተኛ ስልክ ይሁን።

ሰሚ_ጆሮ

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበል። ዓይነ ስውር ነኝ፣ ስልክ የምጠቀመው በድምፅ አንባቢ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ካሜራና ስለ ስክሪን ሲከራከር እኛን የሚያስታውሰን ስለሌለ ነው የምጽፈው።

አፕል ድምፅ አንባቢውን ቮይስኦቨርን በ2009 አይፎን 3ጂኤስ ላይ ከስልኩ ጋር አብሮ አመጣው። ለብቻው የሚገዛ ነገር አልነበረም። ለስላሳ መስታወት ላይ ማየት የማይችል ሰው እንዴት ይሠራል ሲባል በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ጣትህን ስክሪኑ ላይ ታንሸራትታለህ፣ የነካኸውን ያነብልሃል፣ ሁለት ጊዜ ስትመታው ይከፍተዋል። አንድሮይድ ላይም ቶክባክ አለ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ኋላ የቀረ ነበር፣ አሁን በጣም ተሻሽሏል። ግን ባለ ካቻቢቴ ያለው ነገር እኛንም ይነካናል፤ ከአምራች አምራች ይለያያል፣ አንዱ ስልክ ላይ የለመድኩት ሌላው ላይ ሌላ ቦታ ሆኖ አገኘዋለሁ። የሚያይ ሰው በዓይኑ ፈልጎ ያገኘዋል። እኔ እንደ አዲስ ነው የምማረው።

ስለዚህ ለኔ አይፎን ነው። ምናልባት ለወላጆቿ ወይም ለሌላ ዓይኑ ለደከመ ሰው ስልክ የምትመርጥ ካለች ይጠቅማታል ብዬ ነው።

ሐና_ም

ተባረኩ ሁላችሁም፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። ሰሚ_ጆሮ፣ ያልከው በፍጹም አስቤው የማላውቅ ነገር ነው፣ አመሰግናለሁ።

እንደገባኝ ከሆነ ለኔ ዋናው ነገር የአፕዴቱ ዕድሜ ነው፣ እሱን ደግሞ አሁን ከሁለቱም በኩል ማግኘት ይቻላል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ አይፎን ከዊንዶውስ ጋር እንዴት ነው? ፒዲኤፍና ፎቶ በኬብል መገልበጥ ለምጃለሁ። ሁለተኛ፣ ብሻገር የዋትስአፕ ቻቶቼ ምን ይሆናሉ? የዓመታት የሥራ ንግግር አለበት፣ እሱ ከሚጠፋ ስልኩ ይቅርብኝ።

ፖሙ

ኬብል? እንዲያው ኬብል በዚህ ዘመን? ክላውድ ላይ ጫኚና ተገላገዪ።

ባለ_ካቻቢቴ

ፖሙ፣ የአፕል ክላውድ፣ አይክላውድ፣ በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ብቻ መሆኑን ግን አልነገርካትም። ፎቶ በጣም አነሳለሁ እያለችህ። ጉግል 15 ይሰጣል፣ እሱም ከጂሜይሏ ጋር የሚጋራ ነው። ሁለቱም ቦታ ሲሞላ ክፈዪ ነው የሚሏት።

ሐና፣ በዊንዶውስ እንጀምር። አንድሮይድን በኬብል ስትሰኪው ፎልደሮቹ እንደ ፍላሽ ይከፈታሉ፣ የፈለግሽውን ጎትተሽ የፈለግሽበት ታደርጊያለሽ። አይፎን ሲሰካ ላፕቶፑ የሚያየው ፎቶና ቪዲዮውን ነው። ፒዲኤፉን ለማስገባት ወይም ለማውጣት የአፕልን ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ መጫን ወይም በክላውድና በቴሌግራም መላክ ይጠበቅብሻል። ይቻላል፣ ግን የለመድሽው ዓይነት አይደለም። አይፎን ከ15 ጀምሮ ዩኤስቢ ሲ ሆኗል፣ ስለዚህ ኬብሉ ራሱ አያስቸግርሽም፤ ተራው 15 እና 16 ግን የሚገለብጡት በድሮው በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው፣ ፈጣኑ ፕሮው ላይ ነው ያለው። ረጅም ቪዲዮ ካለሽ ቡና አፍልተሽ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ።

ፎቶውም የራሱ ጣጣ አለው። አይፎን ከ2017 ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ፎርማት ነው። ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተጨማሪ ነገር ካልተጫነባቸው አይከፍቱትም። ሴቲንግ ግቢ፣ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ፣ እዚያ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ስትመርጪ በጄፔግ ያነሳልሻል። ይህን ሳያውቁ ፎቶዬ ተበላሸ ብለው ስልክ ይዘው የሚመጡ አሉ።

ወደ ዋትስአፑ። ቴሌግራምን እርሺው፣ ቻቱ ያለው ሰርቨር ላይ ስለሆነ በቁጥርሽ ስትገቢ ሁሉም ይመጣል፣ ከሲክረት ቻቱ በስተቀር። ዋትስአፕ ግን አንድሮይድ ላይ ባክአፕ የሚያደርገው ጉግል ላይ ነው፣ አይፎን ላይ ደግሞ አይክላውድ ላይ፤ አንዱ የሌላውን ማንበብ አይችልም። ጉግል ላይ ባክአፕ አለኝ ብለሽ ተማምነሽ አሮጌውን ስልክ ፎርማት ካደረግሽ አይፎኑ ላይ የሚጠብቅሽ ባዶ ዋትስአፕ ነው። መንገዱ ሌላ ነው፣ ከ2022 ጀምሮ አለ። አንድሮይዱ ላይ «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» የሚለውን አፕ ትጭኛለሽ፣ ሁለቱንም ስልክ ቻርጀር ላይ ትሰኪያለሽ፣ አንድ ዋይፋይ ላይ ታደርጊያቸዋለሽ፣ ከሚተላለፉት ነገሮች ውስጥ ዋትስአፕን ትመርጫለሽ። ስልክ ቁጥርሽ ያው የድሮው መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ አይፎኑ ገና ያልተከፈተ ወይም ወደ ፋብሪካ ሁኔታው የተመለሰ መሆን አለበት። መጀመሪያ ትንሽ ልየው ብለሽ ከፍተሽ መጠቀም ከጀመርሽ እንደገና አጥፍተሽ ነው የምትጀምሪው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔ ካንቺ አጠቃቀም አንጻር፣ ዊንዶውስ፣ ፒዲኤፍ፣ ኬብል፣ የዋትስአፕ ጭንቀት፣ አንድሮይድ ላይ ብትቆዪ ይሻላል ባይ ነኝ። 7 ዓመት ከተባለላቸው ውስጥ፣ ሞዴሉ ከወጣ ብዙ ያልቆየውን። ግን የፎቶ ካርድ ከድሮው ስልክሽ አውጥቼ እሰካለሁ ብለሽ ከሆነ አይሆንም፣ ፒክስልም ኤስ24ም የሚሞሪ ካርድ ቦታ የላቸውም፣ ስለዚህ ውስጡ ሰፋ ያለ ስቶሬጅ ያለውን ያዢ።

ያገለገለ አይፎን ካማረሽ ደግሞ ብር ከመስጠትሽ በፊት ሻጩ ፊትሽ ከአይክላውዱ ይውጣና ስልኩን አጥፍቶ ያስጀምረው። ሲነሳ የሌላ ሰው አፕል አካውንትና ፓስወርድ ከጠየቀሽ ትተሽው ሂጂ። ያ አክቲቬሽን ሎክ ነው፣ ከ2013 ጀምሮ አለ፣ እኔ ጋ ብታመጪውም ልከፍትልሽ አልችልም። የራስሽን አሮጌ አንድሮይድ ለሰው ከመስጠትሽ በፊትም ያው ነው፤ መጀመሪያ ከጉግል አካውንትሽ ውጪ፣ ከዚያ ፎርማት አድርጊው፣ አለዚያ የወሰደው ሰው ያንቺን ፓስወርድ ፍለጋ ሲደውልልሽ ይከርማል።